«ማወቅ ሲገባው»፦ ማን አስተማረው?

እንደምን አረፈዳችሁ። ወላጆች፣ ባልደረቦቼ፣ እናንተም ከኋላ የቆማችሁ ተማሪዎች። የተሰጠኝ ዐሥር ደቂቃ ነው፤ እንደማላከብረው የምታውቁኝ ታውቃላችሁ።

ስለ ሐሰተኛ ወሬ ተናገር ተብያለሁ። ሕግ ይሻላል ወይስ ትምህርት? ሕጉማ አለ፣ አዋጅ ቁጥር 1185/2012። ሐሰተኛ መረጃ ያሰራጨ እስከ 1 ዓመት እስር ወይም እስከ 50,000 ብር ይቀጣል። ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው ገጽ ከሆነ እስከ 3 ዓመት ወይም እስከ 100,000 ብር። ጥሩ። ግን አዋጁ ውሸት መሆኑን እያወቀ ያሰራጨውን ብቻ አይደለም የሚለው። ማወቅ ሲገባው ያሰራጨውንም ይጨምራል። ማወቅ ሲገባው! እሺ፣ ማን አስተማረው?

አንድ ፎቶ በቴሌግራም ዞረ። የሚቃጠል ጀልባ። «ዛሬ ጠዋት ጣና ላይ፣ እነ እገሌ አቃጠሉት» ይላል። እነ እገሌ እነማን እንደሆኑ አልናገርም፣ በየቤታችሁ የምትሞሉት ክፍት ቦታ ነው። ክፍል ስገባ ግማሹ ተማሪ ለጠብ ተነሥቷል። እኔም፣ እውነቱን ልንገራችሁ፣ ቡና ላይ ቁጭ ብዬ ለሁለት ሰው ልኬዋለሁ። የሥነ ዜጋው መምህር!

የቀኑን ትምህርት ተውኩና «እስቲ ፎቶውን እንየው» አልኩ። ከጣና ዳር፣ ከዘጌ የመጣች አንዲት ልጅ አለች፣ ዓመቱን ሙሉ እጇን አውጥታ አታውቅም። አባቷ ከሐይቁ ዳር በሚበቅለው ደንገል ታንኳ ይሠራል። ስልኩን ተቀብላ በሁለት ጣቷ አሰፋችው። «ቲቸር፣ ይሄ ጣና አይደለም።» እንዴት? «ዳር ላይ ደንገል የለም። የጀልባው አፍንጫም እንዲህ የሾለ እኛ ጋ አላየሁም። ደግሞ ሰሌዳው ላይ የተጻፈው ዓረብኛ ነው።» ሰሌዳው ፎቶው ጥግ ላይ ነበር። 58 ተማሪና አንድ መምህር አይተነው፣ ማናችንም አላየነውም።

ያቺን ልጅ የትኛው ፖሊስ፣ የትኛው ዳኛ ይተካታል?

ሰኔ 15 ቀን 2011ን፣ የክልላችን ባለሥልጣናት እዚሁ ባሕር ዳር የተገደሉበትን ቀን፣ እዚህ አዳራሽ ውስጥ የረሳ የለም። ኢንተርኔቱ ተዘጋ። ወሬውስ? በባጃጅ ሄደ። በሬ ወለደ ተብሎ ከአባይ ማዶ የተነሣው፣ ጊዮርጊስ ሲደርስ በሬው መንታ ወልዶ ነበር። በዚያው ዓመት ጥቅምት ላይ ደግሞ እዚሁ ሜጫ፣ ለጥናት የሄዱ ሁለት ተመራማሪዎች «ልጆቻችንን ሊመርዙ ነው» በሚል ወሬ ተገደሉ። ገዳይን ሕግ ያስረዋል፣ ማሰርም አለበት። ግን ሰዎቹ ከተቀበሩ በኋላ ነው የሚደርሰው። ያ ወሬ ስንት ተከታይ ነበረው? እስቲ ንገሩኝ!

ሕጉ ይቅር አላልኩም። ሰው ግደሉ ብሎ የሚጽፍ ይታሰር። ግን አዋጁ ራሱ ሕዝቡን የማስተማር ሥራም ሰጥቷል። ለማን እንደሰጠ ይታወቃል፤ እኔ ክፍል ድረስ የመጣ ግን አላየሁም። የኮምፒውተር ክፍላችንን ቁልፍ ማን እንደያዘው የሚያውቅ ካለ፣ ከስብሰባው በኋላ ይንገረኝ።

ስለ ሚዲያዎችም፣ ስለ ምርጫም ጽፌ ነበር፤ ሰዓቱ አልቋል፣ ይቅር።

ቅዳሜ ሦስት ሰዓት ስልካችሁን ይዛችሁ ክፍሌ ኑ። የምታስተምረን የዘጌዋ ልጅ ናት። ፎቶውን የላክሁላቸው ሁለት ሰዎችም ይመጣሉ። አንደኛዋ እናቴ ናት፣ እስካሁን አላመነችኝም።