ግራዋ፣ ብርና አራት ወር ጥበቃ

ሰላም፣ እንደምን ከረማችሁ። ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ። ውጭ ዝናብ ነው፣ የቆርቆሮው ድምፅ ከገባ ይቅርታ።

ስለ ናኖ ሳይንስ ላወራ ነው። አትሽሹ።

ማስተርሴን የሠራሁት በግራዋ ነው። አዎ፣ እናቴ ጋን የምታጥብበት ግራዋ። ቅጠሉን ጥላ ላይ ታደርቁታላችሁ፣ ትፈጩታላችሁ፣ በውሃ አፍልታችሁ ታጠሉታላችሁ። ከዚያ ሲልቨር ናይትሬት የሚባል፣ ከብር ማዕድን የሚሠራ ጨው የሟሟበት ውሃ ላይ ጠብ ጠብ ማድረግ ነው። መጀመሪያ ምንም የለም። ሻይ ጠጥታችሁ ስትመለሱ ብልቃጡ ቢጫ ሆኗል፣ ቆይቶ ደግሞ ቡናማ። ቅጠሉ ውስጥ ያለው ነገር ውሃው ላይ የሟሟውን ብር መልሶ ብር ያደርገዋል፣ ግን በጣም ደቃቅ አድርጎ ነው፣ እና ያ ደቃቅ ብር ብርሃንን የሚይዝበት መንገድ ስለሚለይ የምናውቀውን የብር መልክ ጭራሽ ያጣል። ያው ብር ነው። መጠኑ ስላነሰ ብቻ ጠባዩ ተቀየረ። አንድ ናኖሜትር ማለት ሜትርን ለ1 ቢሊዮን ስትካፈሉት ነው፤ የጸጉራችሁ ውፍረት ከ80,000 እስከ 100,000 ናኖሜትር ይደርሳል።

ችግሩ የሚመጣው እዚህ ነው። ቡናማ ሆነ ብሎ መመረቅ የለም። ደቃቆቹን የብር እንክብሎች ማየት አለብህ፣ ለዚያ ደግሞ ኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ያስፈልጋል። እኛ ጋ አልነበረም። ለዶክትሬት ወደ ህንድ የሚሄድ ጓደኛዬ ሻንጣ ውስጥ፣ በሶፍት ተጠቅልሎ፣ ከበርበሬውና ከሽሮው አጠገብ ናሙናዬ ሄደ። አራት ወር። ዛሬ ነገ፣ ወረፋ ነው፣ ማሽኑ ቆሟል። በመጨረሻ አንድ ስዕል በቴሌግራም መጣልኝ፤ ነጭ ወረቀት ላይ ኑግ የተበተነ ነው የሚመስለው። ቁጭ ብዬ ለረጅም ሰዓት አየሁት።

ህንዶቹ ይሄን ቀድመው አስበውበታል። በ2007 እ.ኤ.አ. ናኖ ሚሽን የሚባል ፕሮግራም ጀመሩ፣ ለአምስት ዓመት 1,000 ክሮር ሩፒ፣ ማለትም 10 ቢሊዮን ሩፒ፣ መደቡ፤ የሚመራውን ምክር ቤት ሰብሳቢ ደግሞ ኬሚስቱ ሲ.ኤን.አር. ራኦ ነበሩ። ገንዘቡ ለምርምር ብቻ አልሄደም፣ መሣሪያ መግዛትና ሰው ማሠልጠንም እቅዱ ውስጥ ነበር። በ2009 ታታ ከሩዝ ገለባ አመድና ከናኖ ብር የተሠራ፣ መብራትም ቧንቧም የማይፈልግ ርካሽ የውሃ ማጣሪያ ገበያ አወጣ። የሩዝ ገለባ! የሚጣል ነገር እኮ ነው።

እኛም ዝም አላልንም። አዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ የናኖቴክኖሎጂ የልህቀት ማዕከል አለው፣ የባዮና ኢመርጂንግ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩትም ዘርፉን ይዞታል። ጽሑፍም ይወጣል። ግን እውነቱን እናውራ፣ ብዙው ቅጠል ነው። አንዱ በግራዋ፣ ሌላው በጤና አዳም፣ ብሩን በዚንክ ኦክሳይድ ትቀይራለህ፣ ባክቴሪያ ላይ ትሞክራለህ፣ ያልቃል። አልንቅም፣ እኔም ያደረግኩት ይሄንኑ ነው። ቅጠል የሚመረጠው ቢከር፣ ማሞቂያና ማጣሪያ ወረቀት ካለህ ስለሚበቃህ ነው። መሣሪያው ነው ጥያቄውን የሚመርጥልህ።

እኔ ሌላ ጥያቄ ነበረኝ። ያደግኩት ወንጂ አካባቢ ነው። ስምጥ ሸለቆ ውሃ ውስጥ ሲበዛ ጥርስ የሚያበልዝ ፍሎራይድ አለ፣ የዓለም ጤና ድርጅት በሊትር ከ1.5 ሚሊግራም አይለፍ ይላል፣ ብዙ ቦታ ግን ያልፋል። አብረውኝ የተማሩ ልጆች ጥርሳቸው የበለዘ ነበር፣ ፎቶ ላይ አፋቸውን ገጥመው ነው የሚነሱት። አልሙኒየም ኦክሳይድ ፍሎራይድ ይይዛል፣ ሲደቅ ደግሞ ውሃውን የሚነካው ገጹ ስለሚበዛ የበለጠ ይይዛል፤ ድፍን በርበሬና የተፈጨ በርበሬ ወጥ ውስጥ አንድ እንዳልሆኑት። ይሄን ነበር መሥራት የፈለግኩት። ደብተሬ ላይ ሁሉ ጽፌዋለሁ።

አማካሪዬ ደብተሩን አይተው “ስንት ናሙና ትፈልጋለህ?” አሉኝ። ቢያንስ 12፣ አልኳቸው፤ አንዱን በማይክሮስኮፕ ሳላይ ደግሞ ቀጣዩን መሥራት አልችልም። በጣታቸው ቆጠሩ። 12 ናሙና፣ እያንዳንዱ አራት ወር፣ አራት ዓመት። ማስተርሱ ሁለት ዓመት ነው።

በማግስቱ ግራዋ ልቆርጥ እናቴ ጓሮ ገባሁ።