መጀመሪያ ሚዛን፣ ከዚያ መርፌ

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ እንኳን ለዓመታዊ ጉባኤያችን በሰላም መጣችሁ።

ሪፖርቱም ምርጫውም ከሰዓት በኋላ ይደርሳል። እኔ አሁን ስለ ጊደሮቻችን ላውራ። ዓመቱን ሙሉ ስልኬ ላይ የተመላለሰው ጥያቄ አንድ ነው፦ «ጊደሬ እስካሁን ኮርማ አልፈለገችም፤ የቱን ሆርሞን ላስወጋት?» እኔም መልሼ የምጠይቀው አንድ ነው፦ «ስንት ትመዝናለች?»

ጊደሯ በ24 ወሯ እንድትወልድ ከፈለግን በ15 ወሯ ገደማ መፀነስ አለባት። ለጥቂ፣ ማለትም ለመዳቀል፣ የምትደርሰው ግን በዕድሜ ብቻ አይደለም። ሙሉ ላም ስትሆን ከሚኖራት ክብደት ከ60 እስከ 65 በመቶ ያህሉን መያዝ ይኖርባታል። 500 ኪሎ የምትሆን ከሆነ 300 ኪሎ ማለፍ አለባት። ሻኛ ያላቸው ዝርያዎች ደግሞ ይዘገያሉ።

ከዓመታት በፊት ይህን ሳላጣራ ጊደሮቼን በሙሉ ፕሮስታግላንዲን የተባለውን ሆርሞን አስወጋሁ። ሦስት ቀን ጠዋትና ማታ በረቱ አጥር ላይ ተደግፌ ጠበቅሁ። ኮርማ መፈለጓን ለማሳየት አንዷም በሌላዋ ላይ አልወጣችም። መድኃኒቱ ምንም ችግር አልነበረበትም። የፕሮስታግላንዲን ሥራ እንቁላል ከተለቀቀ በኋላ ኦቫሪ (የእንቁላል ማመንጫ) ላይ የሚቀረውን ቢጫ አካል ማፍረስ ነው። ገና እንቁላል ለቅቃ የማታውቅ ጊደር ላይ የሚፈርስ ነገር የለም። ያ ሁሉ ወጪ፣ ያ ሁሉ የእንስሳቱ እንግልት፣ እስከዛሬ ይቆጨኛል።

ክብደቷ ለደረሰና ኮርማ ለመፈለግ ጥቂት ለቀራት ጊደር የሚረዳው ፕሮጄስትሮን የተባለው ሆርሞን ነው። ፎሊክሎቹ፣ ማለትም እንቁላል የያዙት ከረጢቶች፣ ኦቫሪዋ ላይ አሉ፤ ያድጋሉ፣ ሳይበስሉ ይከስማሉ። አንጎሏ ከፎሊክሎቹ ለሚመጣው ትንሽ ኤስትሮጅን እንኳ ስለሚጠነቀቅ ፎሊክሉን የሚያበስለውን ኤልኤች የተባለ ሆርሞን ቆጥቦ ነው የሚለቀው። በብልቷ የሚገባው ፕሮጄስትሮን የያዘ መሣሪያ ብዙውን ጊዜ 7 ቀን ይቆያል። አዳቃዩ ክሩን ስቦ ሲያወጣው የፕሮጄስትሮኑ መጠን በአንዴ ይወርዳል። ኤልኤች ቶሎ ቶሎ መፍሰስ ይጀምራል፣ ፎሊክሉ ይበስላል፣ እንቁላሉ ይለቀቃል። ሌላም ጥቅም አለው፦ ያለ ፕሮጄስትሮን የመጣ የመጀመሪያ ዑደት ብዙ ጊዜ አጭር ሆኖ ይከሽፋል። ኤልኤችን የሚያስለቅቀው ጂኤንአርኤች የተባለው ሆርሞንም ቢሆን የሚሠራው 10 ሚሊ ሜትር ገደማ የደረሰ ፎሊክል ሲያገኝ ነው። ክብደቷ ለጎደለ ጊደር ግን ከሁሉም በፊት መኖ ነው።

አንድ ነገር አደራ። በመጀመሪያው ድራት (ኮርማ በምትፈልግበት ጊዜ) ከተዳቀለች ይልቅ በሦስተኛው የተዳቀለች ጊደር የመፀነስ ዕድሏ የተሻለ ነው። ስለዚህ ዝግጅቱ ከማዳቀያው ወቅት ወራት ቀደም ብሎ ይጀመር።

ፕሮስታግላንዲን ደግሞ ነፍሰ ጡር ሴትና አስም ያለበት ሰው አይንኩት፤ በቆዳ ይገባል። የሚወጋም ሰው ጓንት ያድርግ። ያረገዘች ጊደርንም ያስወርዳታል፣ ሳትመረመር እንዳትወጋ።

ለዛሬው ጉባኤ የማቀርበው ሐሳብ ይኸው ነው፦ ማኅበሩ ከቦታ ቦታ የሚጓጓዝ የከብት ሚዛን ይግዛ። በየአባሉ ደጅ ይዙር፤ ጡት ሲጥሉና ከማዳቀያው ሁለት ወር በፊት ጊደሮቹ ይመዘኑ። ከሰዓት በኋላ እንወያይበትና ድምፅ እንስጥበት።

ጉባኤው ተከፍቷል።