የ10 ብሯ ቅጣት፦ በእድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ የተደረገ የመክፈቻ ንግግር

እናቶች፣ አባቶች፣ እህቶችና ወንድሞች፣ እንደምን አደራችሁ። በዚህ ጭቃ ስለመጣችሁ እግዜር ይስጥልኝ። ምልዓተ ጉባኤው መሙላቱን ጸሐፊያችን ነግሮኛል። በር ላይ የቆማችሁ ግቡ፣ ተጠጋጉና ተቀመጡ። አግዳሚው አይሰበርም። ማን እንደሠራው ታውቃላችሁ።

የሒሳብ ሪፖርቱን ገንዘብ ያዣችን ያቀርበዋል፤ እኔ ቁጥር ውስጥ አልገባም። ዘንድሮ ጡሩንባ የተነፋላቸው ሰባት ናቸው። ስማቸው ሲነበብ ለሁሉም እንቆማለን። አሁን ግን ስለ አንዱ፣ ስለ በያጁ ጋሼ፣ ትንሽ ላውራ። ለምን እሱ ብቻ የምትሉኝ ካላችሁ፣ ዕዳ ስላለብኝ ነው።

ስሙን ሆን ብዬ አልጠራም። በማይክ ሲጠራ አይወድም ነበር። ሰፈሩ ጋሼ አለው፣ ጋሼ ሆኖ ቀረ። በዕድሜ እኔ እበልጠዋለሁ፤ እኔም ጋሼ ነበር የምለው።

አባቱ ገጠር ብረት ቀጥቃጭ ነበሩ። ማረሻውን አሹለው፣ ማጭዱን ስለው ይሰጣሉ። የወሰደው ሰው ዞር ሲል "ቡዳ" ይላቸዋል። አፄ ምኒልክ ባለሙያን በሥራው የሚሰድብ ይቀጣ ብለው አዋጅ ካስነገሩ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኗል። አዋጁ እነሱ ቀበሌ ሳይደርስ መንገድ ላይ ቀረ መሰለኝ። ጋሼ ይህን ያጫወተኝ አንዴ ብቻ ነው፣ ያውም እየሳቀ። "አዲስ አበባ ስገባ ስሙ ተቀየረ። አባቴ ቀጥቃጭ፣ እኔ በያጅ። ብረቱ ያው ነው" አለኝ።

ሥራ ቤቱን የማታውቁ አዲስ አባላት ካላችሁ፣ ኮልፌ ቁልቁለቱ ላይ ያለችው የቆርቆሮ ቤት ናት። ሞርሳ፣ ፒንሳ፣ ካቻቢቴ፣ ላሜራ፣ ቡሎን፣ ዳዶ። ጣሊያን ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ተቀምጦ ወጣ፤ ቃሉ ግን ጋራዡና ብረታ ብረት ቤቱ ውስጥ ቀረ። ጋሼ ጣልያንኛ እንደሚያወራ ሳያውቅ ቀኑን ሙሉ ሲያወራው ይውል ነበር።

ቱቦላሬ፣ ያ በርና መስኮት የሚሠራበት ውስጡ ክፍት ብረት፣ 6 ሜትር ነው የሚሸጠው። በር ከተሠራበት በኋላ ቁራጭ ይተርፋል። ሌላው ቤት ለቆራሌው ይሰጠዋል። እሱ ቁራጩን እያጠራቀመ የከሰል ምድጃ ይሠራና ሰፈር ለገባ አዲስ ሙሽራ ይሰጣል። ከዚህ አዳራሽ ስንት ቤት ያ ምድጃ እንዳለ እጅ ባስወጣ ስብሰባው ሊበተን ነው።

መብራት ሲጠፋ እጁን አጣጥፎ አይቀመጥም። በእጅ መጋዝ ይቆርጣል፣ ይሞርዳል። መብራቱ ሌሊት ስምንት ሰዓት ከመጣ እሱም ስምንት ሰዓት ይነሳል። በመስኮታችን ሰማያዊ ብልጭታ ሲገባ እኔው ራሴ ሁለት ጊዜ ወጥቼ ተቆጥቼዋለሁ። በማግስቱ ሸራ ገዝቶ ጋረደው። አልመለሰልኝም፣ አላኮረፈኝም።

ብየዳ ዓይን የሚያቃጥለው ሲሠሩ አይደለም፤ ከሰዓታት በኋላ ነው። ሌሊት፣ ሰው በተኛበት፣ ዓይን ውስጥ አሸዋ የበተኑበት ይመስላል። ባለቤቱ ይኸው ፊት ለፊቴ ተቀምጣለች፤ ስንት ሌሊት ድንች ልጣ ዓይኑ ላይ እንዳደረገች እሷ ትንገራችሁ። "ማስክህን አድርግ" ስትለው "የምበይደው ሁለት ነጥብ ብቻ ነው" ይላታል። ሁልጊዜ ሁለት ነጥብ ብቻ ነው። እንደሱ ያለ ጎበዝ ሰው በዚህ ነገር ሞኝ ነበር፤ ሞተ ብዬ አልደብቅም። ልጆች ሆይ፣ ማስካችሁን አድርጉ።

ማታ 12 ሰዓት ሲሆን ግን ደንበኛ ቢጮህም ይዘጋል። እጁን በኦሞ ታጥቦ፣ ዳቦውን ይዞ፣ ቤት። "ምን ያስቸኩልሃል?" ሲሉት "የቤት ሥራ አለብኝ" ይላል። የልጆቹን ነው። እሱ አራተኛ ክፍል ላይ ነው ያቆመው። አብሯቸው ቁጭ ብሎ፣ መብራት ከሌለ ሻማ ይዞ፣ እስኪጨርሱ ይጠብቃል። የሌሊቱ ሥራ የሚጀምረው እነሱ ሲተኙ ነው።

የሥራ ቤቱን የብረት መቃን ልብ ብላችሁ አይታችሁት ታውቃላችሁ? እንቁጣጣሽ በመጣ ቁጥር ሦስቱን ልጆች በየተራ እዚያ ላይ ያስደግፋል። ከራሳቸው ትክክል በጠመኔ ያሰምራል። ከዚያ ወደ ውጭ አባርሯቸው መስመሩ ላይ በኤሌክትሮድ፣ በብየዳ ዘንጉ፣ አንድ ነጥብ ይጥላል። እንደ ቀለም አይለቅ፣ እንደ እስክሪብቶ አይጠፋ። ለለቅሶ ስሄድ ከታች ጀምሬ በጣቴ ዳሰስኳቸው። የታችኞቹ ከጉልበቴ ትንሽ ከፍ ይላሉ። የላይኛዋ ትከሻዬን አልፋለች፤ የትንሿ ናት።

ትልቋ ልጁ አሁን ሥራ ቤቱን ይዛለች። ሰው መጥቶ "ሰውዬው የሉም?" ሲላት "ሰውዬዋ እኔ ነኝ" ትለዋለች። ጎሽ!

እንግዲህ ወደ ዕዳዬ ልምጣ።

ከ15 ዓመት በፊት ነው። እኔ ጸሐፊ ነበርኩ። ሰፈራችን ለቅሶ ነበር፤ ሌሊቱን ነፋስ ድንኳኑን ጣለው። ሦስት ምሰሶ ተሰበረ። ዕቃ ቤት ኃላፊያችን ብረቱን ተሸክሞ ጋሼ ጋ ሄደ። ሊጀምር ሲል መብራት ጠፋ። ጠዋት አራት ሰዓት ላይ መጣ። ሕዝቡ ለቀብር ሲወጣ እሱ እየበየደ ነበር። ሲጨርስ ከጥበቃው ጋር ሁለት ሆነው ድንኳኑን አቆሙት። እኛ ከቀብር ተመልሰን፣ እጃችንን ታጥበን፣ ጥላው ሥር ተቀመጥን። ድንኳኑ ወድቆ እንደነበር እንኳ አላወቅንም።

እኔ ቀብር ላይ ስም ጠርቻለሁ። ጋሼ የለም። "ቀሪ" ብዬ ጻፍኩ። ቅጣቱ 10 ብር። በወሩ ስብሰባ ቅጣት ሳነብ ተነስቶ ከፈለ፣ ደረሰኙን ኪሱ ከተተ፣ ተቀመጠ። ለምሰሶዎቹም የኤሌክትሮዱን ዋጋ ብቻ ነው የወሰደው።

ይህን የሰማሁት ዘንድሮ ነው፤ በራሱ ለቅሶ፣ በዚያው ድንኳን ውስጥ። ዕቃ ቤት ኃላፊያችን ጎኔ ተቀምጦ ምሰሶው ላይ እብጥ ያለውን ቦታ በጣቱ አሳየኝና አጫወተኝ። ያን ቀን ቡናው አልወረደልኝም። በሰልስቱ ባለቤቱን "ለምን አልተናገረም?" አልኳት። "እኔም ብዬው ነበር" አለችኝ። "'ቀብር አልሄድኩም አይደል? ደንቡ ልክ ነው' አለኝ።"

ደንቡ ልክ ይሁን። እኔ ግን አልጠየቅኩም። ሰው ለምን ቀረ ብሎ መጠየቅ አንድ ደቂቃ አይፈጅም ነበር።

መተዳደሪያ ደንባችን የተከፈለ ቅጣት የሚነሳው በጠቅላላ ጉባኤ ብቻ ነው ይላል። ስለዚህ ከሪፖርቱ በፊት አንድ አጀንዳ አስይዣለሁ። 10 ብሩ ለባለቤቱ ይመለስ። መዝገቡ ላይ "ቀሪ" የሚለው ይሰረዝና "ድንኳን እያቆመ" ተብሎ ይጻፍ። የድሮው መዝገብ ይኸው ጠረጴዛው ላይ ነው፣ ገጹንም ከፍቼዋለሁ። የምትደግፉ እጃችሁን አውጡ።