ረግፎ ነው ወይስ ነቅሎት?

ጤና ይስጥልኝ፤ እንኳን ደህና መጣችሁ።

ውሻ ያለው ሰው ጥቁር ሱሪ ከመልበሱ በፊት ሁለቴ ያስባል። ስለዚህ ስለሚረግፍ ፀጉር እኔ ለእናንተ የምነግራችሁ አዲስ ነገር ያለ አይመስልም። እኔም እንደዚያ ነበር የማስበው።

የመጀመሪያው ውሻዬ ጀርባው ላይ ፀጉሩ ሳሳ፤ ወዙም ጠፋ። ምግብ ነው ብዬ ደመደምኩ። እንቁላል ጨመርኩ። ዘይት ጨመርኩ። ሻምፑ ቀየርኩ፤ ያውም በራሴ ሻምፑ አጠብኩት። የውሻ ቆዳ ከሰው ቆዳ ያነሰ አሲዳማ ነው። ለእኛ የተሠራ ሻምፑ ቆዳውን ሊያደርቅበት ይችላል። ይህን ያወቅኩት በኋላ ነው። ሁለት ወር ሙሉ ለፋሁ። ውሻው ወፈረ እንጂ ፀጉሩ አልተመለሰም።

ሐኪም ዘንድ ስወስደው መጀመሪያ የጠየቁኝ ስለ ምግቡ አልነበረም። «ፀጉሩ ይረግፋል ወይስ ራሱ ይነቅለዋል?» አሉኝ። ዝም አልኩ። ማታ ማታ ጀርባውን ሲያኝክ እሰማዋለሁ፤ ግን ራሱን እያጸዳ ይመስለኝ ነበር።

ሐኪሙ ነጭ ወረቀት አነጠፉ። የጅራቱን ሥር ጥርሱ ደቃቅ በሆነ ማበጠሪያ አበጠሩት። የተፈጨ ቁንዶ በርበሬ የሚመስል ፍርፋሪ ወረደ። ጥቂት ውሃ ጠብ አደረጉበት። ፍርፋሪው ዙሪያውን ቀላ። ደም ነው! የቁንጫ ኩስ ማለት ቁንጫዋ ከውሻው መጥጣ ያስወጣችው ደም ነው። አንዲት ቁንጫ ግን በዓይናችን አላየንም።

ነገሩ ይህ ነው። አንዳንድ ውሻ ለቁንጫ ምራቅ አለርጂ አለው። ለእሱ ጥቂት ንክሻ ይበቃዋል። ያሳክከዋል፤ ያኝካል፤ ፀጉሩን ይነቅላል። የጅራት ሥር፣ የታችኛው ጀርባና የጭን ውስጠኛው ክፍል ከሳሱ መጀመሪያ ቁንጫን ጠርጥሩ። ውሻው ላይ ያሉት ቁንጫዎች ደግሞ ከጠቅላላው ትንሹ እጅ ናቸው። ዕንቁላሉና ከዕንቁላሉ የሚፈለፈለው ትል ያለው መኝታው፣ ምንጣፉና የወለሉ ስንጥቅ ውስጥ ነው። ውሻውን ብቻ አክሞ ቤቱን መተው ድካም ነው። ሕክምናውም ለወራት ሳይቋረጥ ይቀጥላል።

የሚያሳክክ ሁሉ ግን ቁንጫ አይደለም። እከክ አለ፤ እሱም ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ከጆሮ ጠርዝና ከክርን ይጀምራል። ማሳከኩ እንቅልፍ ይነሳል፤ ወደ ሰውም ይተላለፋል። ውሻው እያከከ እናንተም ማከክ ከጀመራችሁ ለሐኪሙ ሳትደብቁ ተናገሩ። ሁለተኛውን የሚያመጣው ተባይ በጤነኛ ውሾችም ቆዳ ላይ በጥቂቱ ይኖራል። ቡችላው በተወለደ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከእናቱ ይወስደዋል። የመከላከል አቅም ሲደክም ይበዛና በዓይንና በአፍ ዙሪያ ፀጉሩን ይመልጠዋል። ብዙ ጊዜ አያሳክክም፤ ሰውም ላይ አይጋባም። ሁለቱን በዓይን ለመለየት መሞከር ከንቱ ነው፤ ቆዳው ተፍቆ በማይክሮስኮፕ ይታይ። ጭርትም አለ፤ ፈንገስ ነው፤ ወደ ሰው ይጋባል።

አሁን ውሻው የማያክ፣ የማያኝክ ከሆነስ? ያኔ ሁለቱን ጎኖቹን አስተያዩ። ግራና ቀኙ እኩል ከሳሳ ሆርሞን ሊሆን ይችላል። የታይሮይድ ዕጢው የደከመበት ውሻ ጅራቱ ይራቆታል። ይፈዛል፤ ምግብ ሳይጨምር ይወፍራል፤ ሙቀት ይፈልጋል። ብዙ ውሃ የሚጠጣ፣ ሆዱ የተንጠለጠለ፣ ቆዳው የሳሳ ከሆነ ደግሞ ሌላ የሆርሞን በሽታ አለ። ሁለቱም የደም ምርመራ ይፈልጋሉ። «አርጅቶ ነው» ብላችሁ አትተዉት፤ ይህን ስሰማ እበሳጫለሁ። የወለደች ውሻ ግን ፀጉሯ ቢሳሳ ብዙ ጊዜ ራሱ ይመለሳል። ወቅት ጠብቆ የሚረግፈውም እንዲሁ ነው፤ ቤቱ በፀጉር ይሞላል እንጂ ቆዳው አይራቆትም።

ምግብን ረስቼ አይደለም። ፀጉር በአብዛኛው ፕሮቲን ነው። በቂ ካላገኘ ይደርቃል፤ ይሰባበራል። የዓሣ ዘይትም ይረዳል፤ ግን ለውጡ የሚታየው ከሳምንታት በኋላ ነው። የተመጣጠነ ምግብ እየበላ የሚመለጥ ውሻን ግን እንቁላል አያድነውም። ከእኔ ተማሩ።

አንድ ነገር እለምናችኋለሁ። የተቃጠለ የሞተር ዘይት፣ ነጭ ጋዝ፣ የሰው ቅባት አትቀቡት። ውሻ የተቀባውን ሁሉ ይልሳል። ሐኪም ዘንድ በምትሄዱበት ቀንም አትጠቡት፤ ማስረጃውን ታጥባላችሁ። ይልቅ የሳሳውን ቦታ በየሳምንቱ በስልካችሁ ፎቶ አንሱት።

ማበጠሪያና ነጭ ወረቀት ይዤ መጥቻለሁ። ውሻችሁን ይዛችሁ የመጣችሁ ወደዚህ ጠጋ በሉ፤ ከጅራቱ ሥር እንጀምር።