ቻይናዊው ፋብሪካውን ተሸክሞ የሚመጣው ለምንድን ነው?

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ ጥሪያችንን አክብራችሁ የመጣችሁ እንግዶች፣ እንኳን ለዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤያችን በሰላም አደረሳችሁ።

እኛ ጫማ ሠሪዎች ቻይናን መጀመሪያ ያወቅናት በካርቶን ነው። መርካቶ፣ ሸራ ተራ ላይ የእኛ ጫማ አቧራ ሲለብስ፣ ከኮንቴይነር የወረደው በርካሽ ይቸበቸብ ነበር። ኋላ ደግሞ ፋብሪካው ራሱ መጣ። አገሩ ሠርቶ መላክ የሚችል ሰው፣ ባሕር ተሻግሮ ሼድ መትከል ምን አስለፋው?

አንዱ «ሊውጡን ነው» ይላል፣ ሌላው «ሊያሳድጉን ነው»። ለእኔ ሁለቱም ወሬ ነው። ነጋዴ ሒሳቡን ሠርቶ ነው የሚመጣው።

ሁዋጂያንን እንውሰድ። ኩባንያው በቻይናዋ ዶንግጓን ከተማ ውስጥ ለአሜሪካ ገበያ የሴት ጫማ ይሠራ ነበር። እዚያ ደመወዝ እየናረ፣ ዩዋንም ከዶላር አንጻር እየጠነከረ ሲሄድ የጫማ ፋብሪካዎች ትርፍ ሳሳ። በነሐሴ 2003 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ ሼንዘን ሄደው ጋበዟቸው። በጥር 2004 ዱከም ላይ ማምረት ተጀመረ። በአምስት ወር! (እኛ አንዲት ሼድ ለማግኘት ስንት ደጅ እንደምንጠና እናንተው ታውቁታላችሁ።) እዚህ የጉልበት ዋጋ ዝቅ ያለ ነው፣ ቆዳ ቅርብ ነው፣ አጎዋ በሚባለው የአሜሪካ የንግድ ዕድል በኩልም ጫማው ያለ ቀረጥ አሜሪካ ይገባ ነበር። ሶሉ፣ ማስቲሹ፣ ዘለበቱ ግን በአብዛኛው ከቻይና ይጫን ነበር። ከዚያ በታኅሣሥ 2014 አሜሪካ ኢትዮጵያን ከአጎዋ አስወጣች። ያኔ የብዙ ፋብሪካ ሒሳብ ተናጋ።

ሁሉም ግን ርካሽ ጉልበት ፍለጋ አይወጣም። የቻይናው መኪና አምራች ጂሊ እ.ኤ.አ. በ2010 የስዊድኑን ቮልቮ መኪና ከፎርድ ሲገዛ፣ ስዊድን ደመወዝ ረክሶ አይደለም። ራሱ ልገንባው ቢል ብዙ ዓመት የሚፈጅበትን ስምና ዕውቀት ነው የገዛው። የማዕድን ኩባንያው ቻይና ሞሊብደነም እ.ኤ.አ. በ2016 ኮንጎ ያለውን የተንኬ ፉንጉሩሜ ማዕድን ድርሻ በ2.65 ቢሊዮን ዶላር የገዛው ለመዳቡና ለኮባልቱ ነው። የኤሌክትሪክ መኪና አምራቹ ቢዋይዲ ደግሞ ሃንጋሪ ላይ መኪና መገጣጠሚያ ያቆመው ከገዢው ደጅ ለመገኘት ነው። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2024 በቻይና የኤሌክትሪክ መኪኖች ላይ ተጨማሪ ቀረጥ ሲጥል ደግሞ ውሳኔው ይበልጥ አዋጣው።

የቻይና መንግሥትም «ወደ ውጭ ውጡ» ብሎ በፖሊሲና በባንክ ብድር ይገፋቸዋል። ሆኖም ሁሉም በትእዛዝ ነው የሚባለው አይዋጥልኝም። ሁዋጂያንም ጂሊም የግል ኩባንያዎች ናቸው። አላዋጣ ካላቸው ማንም አይዛቸውም።

ለእኛ የሚጠቅመን የትኛው በየትኛው ምክንያት እንደመጣ ለይቶ ማወቅ ነው። ለጉልበት ብቻ የመጣ፣ ጉልበት ሲወደድበት ወይም ቀረጥ ሲመጣበት ጓዙን ይሸክፋል። ሶሉንና ዘለበቱን ከጎረቤቱ የሚገዛ ግን ለመነሳት ሁለት ጊዜ ያስባል። ዛሬ ያን አቅርቦት ከባሕር ማዶ የሚያመጡት እነሱ ናቸው። እኛ ገና እጃችንን አላስገባንም።

ስለዚህ ከምሳ በኋላ የምንወያይበት፣ ሶልና ዘለበት በጋራ የማምረት ሐሳብ የቦርዱ ቅንጦት አይደለም። የማሽኑ ዋጋና የአክሲዮን ድርሻው በያዛችሁት ወረቀት ላይ አለ። አንብባችሁ ግቡ፣ ጠይቁ፣ ካላመናችሁበት ተቃወሙ። አሁን ገንዘብ ያዣችን የዓመቱን ሒሳብ ያቀርባሉ። ጉባኤው ተከፍቷል።