«ዛሬ ሚካኤል ነው» ትክክለኛ መልስ ነው

የተከበራችሁ መረጃ ሰብሳቢዎች፣ የጤና ባለሙያዎችና አስተባባሪዎች፣ እንደምን አደራችሁ።

ከዚህ ሥልጠና በኋላ ዕድሜያቸው 60 እና ከዚያ በላይ የሆኑ እናቶችና አባቶች ቤት ትገባላችሁ። የምንፈልገው የመርሳት በሽታን፣ ዲሜንሺያን ነው። መጠይቁን እንዳለ ካነበነብነው ግን የምናገኘው በሽታውን ሳይሆን ፊደል አለመቁጠርን ነው።

እ.ኤ.አ. በ1975 የወጣው ሚኒ ሜንታል የተባለው የማስታወስና የማሰብ ችሎታ መለኪያ ከ30 ይታረማል። ከ24 በታች ያገኘ ሰው አብዛኛውን ጊዜ አጠራጣሪ ይባላል። እስቲ አብረን እንደምር፦ ከ100 ሰባት ሰባት መቀነስ 5 ነጥብ፣ አንብቦ መፈጸም 1፣ ዓረፍተ ነገር መጻፍ 1፣ ቅርጽ አይቶ መሳል 1። እርሳስ ጨብጠው የማያውቁ እናት እነዚህ አራቱ ቢያቅቷቸው፣ ሌላውን ሁሉ ቢመልሱም 22 ላይ ይቀራሉ። ጤነኛ ሰው በወረቀት ታመመ ማለት ነው። በስሌቱ ፈንታ «ዎርልድ» የሚለውን ቃል ከኋላ ወደ ፊት ማስቆጠርም አለ፤ ቃሉ በእንግሊዝኛ አምስት ፊደል ነው፣ «ዓለም» ግን ሦስት። አምስቱን ነጥብ በምን ቆጥረን እንስጥ?

መፍትሔ የፈለጉ አሉ። በታንዛኒያ ሃይ ወረዳ የተሠራው አይዲያ የተባለ አጭር መለኪያ እርሳስን በክብሪት ተካው። አራት እንጨት ትደረድራላችሁ፣ ሌላ አራት ለአዛውንቱ ትሰጣላችሁ፣ «ልክ እንደዚህ ያድርጉልኝ» ትላላችሁ። የዓይን ሞራ ያለባቸው እንዲለዩት ጠቆር ያለ ጨርቅ አንጥፉ፣ በር አጠገብ አስቀምጧቸው። ያላየ ሰው ረሳ አይባልም፤ ያልሰማም እንዲሁ።

ቀን ስትጠይቁ «ዛሬ ሚካኤል ነው» ካሏችሁ፣ ቀኑም 12 ከሆነ፣ ሙሉ ነጥብ ስጡ። በሂጅራ የሚቆጥሩ አባትም በራሳቸው አቆጣጠር ይታረሙ። የልደት ዘመን የማያውቁ ብዙ ናቸው፤ «ደርግ ሲገባ ከብት ይጠብቁ ነበር ወይስ አግብተዋል?» ብላችሁ ከ1967 ዓ.ም. ተነሥታችሁ አስሉ። በጾም ወቅት ከሰዓት በኋላ አትሂዱ፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት የጾሙ አዛውንት ድካማቸው መርሳት ይመስላል።

አብዝታችሁ የምትሳሳቱት ቤተሰብ ላይ ነው። ልጅ ከጎን ሆና «እማዬ፣ ሐሙስ እኮ ነው» ትላለች፤ ያ መልስ አይቆጠርም። በትሕትና ለብቻ አነጋግሩ፣ ከዚያ ልጇን ለብቻዋ። ልጇን ስትጠይቁ ደግሞ «ሥራ ይችላሉ?» አትበሉ። በእኛ ቤት አዛውንት ይከበራል፣ ሥራ አይታዘዝም፤ ስለዚህ ማንም ጉድለቱን አያይም። ዝርዝሩን ጠይቁ፦ ቡና ሲያፈሉ ሳያጥቡ ወደ መቁላት ይሄዳሉ? የብር ኖት ይምታታባቸዋል? ከቤተ ክርስቲያን ወይም ከመስጊድ ሲመለሱ መንገድ ይጠፋባቸዋል? ከዚያም «ድሮስ?» በሉ፤ እኛን የሚያሳስበን ለውጡ ነው። «ኧረ ጃጅተው ነው፣ እርጅና ነው» ብላ ብታልፈው እናንተ አትለፉት።

ሦስት ነገሮች መርሳት መስለው ይመጣሉ። ድብርት አንዱ ነው፤ ድብርት ያለበት ሰው ብዙ ጊዜ ሳይሞክር «አላውቅም» ይላል፣ እንቅልፍና ምግብ ጠልቷል፣ ይህ ደግሞ ይታከማል። በቀናት ውስጥ ድንገት የመጣ መዘባረቅ ግን የሳንባ ምች፣ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ወይም የአዲስ መድኃኒት ጣጣ ሊሆን ይችላል፤ መጠይቁን አቁማችሁ በዚያው ዕለት ወደ ጤና ተቋም ላኩ። ሦስተኛው፣ የቫይታሚን ቢ12 እጥረት ወይም የታይሮይድ ዕጢ ሥራ መቀነስ፣ በደም ምርመራ ይለያል።

ነጥባቸው ዝቅ ያለ እናት ፊት «በሽታ አለባቸው» አትበሉ፤ የእናንተ መለኪያ ያጣራል እንጂ አይመረምርም። «እማማ፣ ሐኪም ደግሞ ቢያይዎት ደስ ይለናል» ይበቃል፤ የቀጠሮውን ቀን ለልጇ በጽሑፍ ስጡ።

ከሻይ በኋላ ሁለት ሁለት ሆነን በክብሪቱ እንጀምራለን። አመሰግናለሁ።