በበላበት ቀን የተበላ

እንደምን አመሻችሁ! ስለመጣችሁ በጣም ደስ ብሎኛል።

ዛሬ የማወራችሁ ስለ ቁማርና ስለ ልብ ወለድ ነው። ይዤ የመጣሁት አንድ ደራሲ ብቻ ነው፤ ሩሲያዊውን ፊዮዶር ዶስቶየቭስኪን። ቁማርን ከሩቅ አይቶ አይደለም የጻፈው፤ ራሱ ተጫውቶ፣ ራሱ ተበልቶ ነው።

በአውሮፓውያን አቆጣጠር 1866 ነው። ሰውየው ዕዳ ውጦታል። ስቴሎቭስኪ የሚባል አሳታሚ ገንዘብ ሰጥቶ አስፈርሞታል፤ እስከ ኖቬምበር 1 አዲስ ልብ ወለድ ካላስረከበ፣ ለ9 ዓመት የሚጽፈውን ሁሉ አሳታሚው ያለ ምንም ክፍያ ሊያትም። ኦክቶበር ገባ፣ አንድ መስመር የለም። ያኔ አና የምትባል የ20 ዓመት ልጅ ቀጠረ። እሱ ይናገራል፣ እሷ በአጭር ጽሕፈት ትይዛለች፣ ቤቷ ገብታ ደግሞ ትገለብጣለች። «ቁማርተኛው» በ26 ቀን አለቀ። ሊያስረክብ ሲሄድ አሳታሚው ከተማ ውስጥ የለም ተባለ! ፖሊስ ጣቢያ አስረክቦ ደረሰኝ ተቀበለ።

መጽሐፉ ውስጥ እኔ የማልረሳቸው አያትየዋን ነው። ዘመድ ሁሉ ሞታቸውን እየጠበቀ፣ ውርሱን በሐሳቡ እየተካፈለ፣ እሳቸው በወንበር ተይዘው ከሞስኮ ከች ይላሉ። ቁማር ቤት ገቡ። ጨዋታው ሩሌት ነው፤ በሚሽከረከር ጎማ ላይ ኳስ ትጣላለች፣ ያረፈችበት ቁጥር ያሸንፋል። ዜሮ ላይ ያስያዘ 35 እጥፍ ይከፈለዋል ሲባሉ፣ ዜሮ ካልሆነ አሉ። (ቁጥሮቹ ግን ዜሮን ጨምሮ 37 ናቸው፤ የቤቱ ትርፍ እዚያ ጋ ነው።) ተበሉ፣ ደገሙ፣ ተበሉ፣ ከዚያ ዜሮ ወጣ። ያቺ ድል ናት የጨረሰቻቸው! በነጋታው ተመልሰው ያላቸውን አራገፉ። ርስታቸው ላይ ያለውን የእንጨት ቤተ ክርስቲያን በድንጋይ ላሠራ ብለው ቃል የገቡ ሴት ነበሩ፤ ወደ አገራቸው ለመመለስ እንኳ ብድር ጠየቁ።

ሰው ቁማርተኛ የሚሆነው ሲያሸንፍ እንጂ ሲሸነፍ አይደለም፤ ይህን ዶስቶየቭስኪ ከማንም በላይ ያውቀዋል። ቢያውቀውም አልተወም። አናን አገባ፣ በ1867 ጀርመን አገር ባደን ባደን ይዟት ሄደ፣ እርጉዝ ሆና ሳለ የጆሮ ጌጧንና የጋብቻ ቀለበቷን አስይዞ ተጫወተ። የተወው በ1871 ነው።

እዚህ ጋ ቅር የሚለኝ ነገር አለ። የቁማር ልብ ወለድ ብዙውን ጊዜ ተጫዋቹን ነው የሚከተለው፤ ላቡን፣ የእጁን መንቀጥቀጥ፣ ተስፋውን። ቤት የቀረችውስ? አና ማስታወሻ ትይዝ ነበር፤ በኋላም በ1873 የባሏን መጽሐፍ ራሷ ማሳተም ጀመረች፣ የቤቱንም ዕዳ የተጋፈጠችው እሷ ናት።

ሠፈራችን ቤቲንግ ቤት በቤቲንግ ቤት ሆኗል። ቲኬት ይዞ ስክሪን ላይ ያፈጠጠውን ልጅ ሁላችንም እናየዋለን። የቤት ኪራይ ብር ፍለጋ መሳቢያ የምትከፍተውን ሚስት፣ የልጇን ስልክ መሸጥ ከጎረቤት የምትሰማውን እናት ግን ማን ጻፋቸው? እዚህ አዳራሽ ውስጥ የምትጽፉ ልጆች አላችሁ። እባካችሁ፣ ይህንን ታሪክ ከእነሱ በኩል ጻፉልን።